በፌስታል የተመለሰው ካቴና

ሮበሌ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ያጣው የሞተር ሳይክል ካቴና ሲያጸዳ ነው። የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ ሞተሩ በአንደኛ ማርሽ እየሠራ፣ በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ ይዞ ተጠጋ። ጎማውን በእጅ ከማዞር ይፈጥናል፤ መካኒሳ ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው። ካቴናው የሚዞርበት የብረት ጥርስ ጨርቁን ነከሰ፣ ጨርቁ እጁን ጎተተ። ጣቶቹን ከጥርሱ መሃል በፒንሳ ለቅሞ፣ በዚያው ጨርቅ ጠቅልሎ ሐኪም ቤት ሄደ። የሚገጠሙ አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ መካኒሳ አቦ ባለችው የቆርቆሮ ጋራዡ ውስጥ፣ ሞተሩን እንደ ፍላጎቱ አስለውጦ ማሠራት ለሚፈልግ ሁሉ በካቴና ፈንታ የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋ፣ ነው የሚሰብከው።

“ቺንጋ ዘይት አይጠጣም” ይላል። “ዘይት የማይጠጣ ነገር ጋ ደግሞ ጨርቅ የያዘ እጅ ምን ሊሠራ ይሄዳል?”

ከደንበኞቹ አንዱ፣ የሀና ማርያሙ ኢታና፣ ተስማማ። ሞተሩ መሪው ከአንዱ፣ ታንከሩ ከሌላው የተለቃቀመ ነው፤ ቺንጋ ቢጨመርበት አይከፋውም። ሮበሌ ከፈረሰ የውጭ ሞተር የወጣ ቺንጋ አገኘ፣ ልክ የሚሆኑትን ጥርሶች ቶርኖ ቤት አስቆረጠ፣ ገጠመ። የወጣውን ካቴና በፌስታል ጠቅልሎ ለባለቤቱ መለሰ። የወጣ ዕቃ ጋራዥ ከቀረ ‘ሸጠው’ ይባላል። አንድ ሥራ ግን ቀርቶ ነበር፤ ከቺንጋው ሥር ጠጠር የሚከለክል ቆርቆሮ አልገጠመም። ኢታና ቸኮለ፤ ሮበሌም “ሰኞ ትመለሳለህ” ብሎ ለቀቀው።

እሁድ፣ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ጠጠር በተደፋበት ዳገት ላይ አንዷ ጠጠር ቺንጋውና ጥርሱ መሃል ገባች። ካቴና ቢሆን ፈጭቷት ያልፍ ነበር። ቺንጋው ተበጠሰ፤ ሞተሩ ቆመ፤ ከኋላ የሚመጣው አይሱዙ አልቆመም። የኢታና ጭን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ማክሰኞ ጠዋት ታላቅ ወንድሙ ፍሮምሳ ሞተሩን በፒክአፕ ጭኖ ጋራዡ ደረሰ። ሰላምታ የለም። ካቴናው ያለበትን ፌስታል ቀደደና የካቴናውን ጫፍ መዳፉ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመ። የመጀመሪያው ምት የሮበሌን ጆሮ ሰነጠቀው። ሁለተኛው ትከሻው ላይ አረፈ። በሦስተኛው ተንበረከከ።

ፍሮምሳ የሮበሌን ግራ እጅ ጎትቶ ጠረጴዛው ላይ በተገጠመው የብረት ማጥበቂያ፣ በሞርሳው አፍ ውስጥ ከተተና አጠበቀ።

“አምስቱም አሉ አይደል?”

“አሉ።”

“እስከ ምሳ ካቴናው ቦታው ካልገባ እነዚህም እነዚያን ይከተላሉ።”

“ሞርሳ ውስጥ ሆኜ በምን ልግጠመው?” አለ ሮበሌ።

ፍሮምሳ ትንሽ አሰበና አላላለት።

የግራ ጥፍሮቹ ጠቁረዋል፤ በቀኙ ሦስት ጣት ነው ያለው። ሆኖም ሠራ። የተበጠሰውን ቺንጋ አውጥቶ ወለሉ ላይ ጣለ፣ የካቴናውን ጥርሶች መለሰ፣ ካቴናውን አዞረ፣ ውጥረቱን በአውራ ጣቱ ለካ። ከጆሮው የሚወርደው ደም አገጩ ላይ እየተጠራቀመ ካቴናው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰ።

ፍሮምሳ አላመነውም። ራሱ አስነሳው፣ ማርሽ አስገባ፤ ጎማው አየር ላይ ተሽከረከረ። ቀይ የሆነውን ካቴና አየና ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነሳ።

“የአንተን ደም ይዞ ወንድሜ ቤት አይገባም።”

“አጥፋው መጀመሪያ። እጅህን አታስጠጋ።”

“ዝም በል፣ ሦስት ጣት።”

ጥርሱ የጨርቁን ጠርዝ ነከሰ። የፍሮምሳ እጅ ወደ ውስጥ መሄድ ጀመረ። በሮበሌ እጅ አስራ ዘጠኝ ቁጥር የብሎን ቁልፍ ነበር፤ ባለ በሌለ ኃይሉ የፍሮምሳ የእጅ አንጓ ላይ አሳረፈው። አጥንቱ ሲሰበር ከሞተሩ ድምፅ በላይ ተሰማ። ጣቶቹ ጨርቁን ለቀቁት። ካቴናው ጨርቁን ዋጠና ብጥስጥሱን በወዲያ በኩል ተፋው።

ፍሮምሳ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

“ሰበርከኝ።”

“ሰበርኩህ። ቁጠራቸው።”

የተንጠለጠለውን እጁን በሌላው ደግፎ አየው። አምስት ነበሩ።

ሮበሌ ሞተሩን አጠፋ። የተበጠሰውን ቺንጋ ከወለሉ አንስቶ በፌስታል ጠቀለለና ጭኑ ላይ አስቀመጠለት።

“የወጣ ዕቃ ነው” አለ። “ያዝ።”