«አለ» የተባለው ማይክሮስኮፕ

«ቆርቆሮ ነው ብለህ ንገራቸው። ሌላ ምንም አትበል።»

«ቆርቆሮ መሆኑን ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።»

«አላዩማ፣ አባባ። ማይክሮስኮፕ አለ ብለው ጽፈው ሄደዋል።»

እህቴ ታደለች ደብተሮቿን እንዳቀፈች አባታችን መሥሪያ ደፍ ላይ ቆማ ነበር፤ አባባ ደግሞ ቀና ሳይል የባልዲ ቂጥ ይበይድ ነበር። ዛሬም መንገድ ላይ የሚቀልጥ እርሳስ ሽታ ሲደርሰኝ፣ ያ ክርክር ልክ እንደዚህ ከመሃሉ ይጀምርልኛል።

የምንኖረው ከሶዶ ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባባ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ የወላይታ ልጅ አግብቶ፣ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ እየሠራ ያሳደገን ቆርቆሮ ሠሪ ነበር፤ ፕላስቲክ ገበያውን ከያዘው ወዲህ ግን የቀረለት የሚያፈስ ባልዲ መጠገን ብቻ ነበር። በዚያ በጋ፣ አቧራው በረንዳችን ድረስ ሲገባ፣ የታደለች የባዮሎጂ አስተማሪ መመላለስ ጀመረ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ከጠመኔ በቀር ምንም ስላልነበረው፣ መጽሐፍ ገልጦ ሥዕል እያሳየ «ጋሽ ወልዴ፣ ይህቺን ያስመስሉልኛል?» ይል ነበር። አባባም ከመድኃኒት ጠርሙስ የአልኮል መብራት፣ ከሽቦና ከጣሳ ክዳን ሚዛን እየሠራ ዋጋ ሳይጠይቅ ይሰጠው ነበር፤ እማዬ ለጎረቤቶቻችን በወላይትኛ «ባሌ በስተርጅና ትምህርት ቤት ገባ» እያለች ታሾፍበት ነበር።

በመጨረሻ ቲቸር የማይክሮስኮፕ ሥዕል ይዞ መጣና፣ «ማየት ባይችሉ እንኳ ክፍሎቹን በእጃቸው ነክተው ይወቁ» አለ። አባባ ሳምንታት ፈጀበት፤ ቱቦውን ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሄድ አድርጎ፣ ከተሰበረ ሬዲዮ ቁልፍ ነቅሎ ማስተካከያ ሠርቶለት፣ ጥቁር ቀለም ቀባው። አጉሊ መስታወት ግን አልነበረውም። ዕቃው ከቤት ከመውጣቱ በፊት ዓይኔን ስደቅንበት፣ አባባ «ምን ታያለሽ?» አለኝ፤ «ጨለማ» አልኩት፤ «እንግዲያው በደንብ አይተሻል» ብሎ ሳቀ።

ታደለች አልሳቀችም። ትንሽ ልጅ ሳለች ወባ ይዟት ኦቶና ሆስፒታል ተወስዳ፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ከጣቷ ደም ወስዳ፣ መሣሪያው ላይ ጎንበስ ብላ አይታ፣ በሽታዋን በስሙ ስትጠራው ሰምታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያቺን ሴት ከመሆን ሌላ ምኞት አልነበራትም። የቆርቆሮውን ማይክሮስኮፕ ክፍሎች አልጋ ላይ ሆና በቃሏ ታነበንብልኝ ነበር። በእውነተኛው ግን አንዲት የኩሬ ውሃ ጠብታ እንኳ አይታ አታውቅም።

በልግ ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ፣ ያለና የሌለ ዕቃ የሚመዘግቡ፣ ቅጽ የያዙ ሰዎች ከሶዶ ትምህርት ቢሮ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ቲቸር በሌላ ክፍል እያስተማረ ስለነበር፣ ከበሩ ላይ ሆነው የአባባን ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው አይተው፣ ዝናቡ ሳይብስባቸው «አለ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ሄዱ። ቅጹን ቲቸር ያየው ከቀናት በኋላ ነበር። ቢሮው የሚያድላቸው እውነተኛ ማይክሮስኮፖች «የለም» ለተባለላቸው ትምህርት ቤቶች ብቻ እንደሚሰጡም የሰማው ያኔውኑ ነበር፤ ለታደለች ነገራት፤ እሷም ከክፍል በቀጥታ ወደ አባባ መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ የእጄን ሥራ ተሸክሜ ሄጄ፣ ይሄ ምንም አይደለም ልበል?» አላት አባባ።

«አዎ። ምንም አይደለም በል።»

አባባ መበየጃውን አስቀመጠ። ያን ቀን ምንም አልሠራም፤ ከዚያም ብዙ ቀን፣ እሱ ውሃ ሲፈልግ እኔን እየጠራ፣ እሷም ሳህኑን አስቀምጣ ዞር እያለች፣ አንድ ቤት ውስጥ ሳይነጋገሩ ከረሙ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ማይክሮስኮፑን ከትምህርት ቤት አምጥቶ በጆንያ ጠቀለለውና «ተነሱ» አለን። ሦስታችን በባጃጅ ሶዶ ወርደን፣ ትምህርት ቢሮው ኮሪደር ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠን፣ ዝርዝሩን የያዘው ወጣት ፊት ቀረብን። ወጣቱ ጆንያውን ፈታ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ዓይኑን ደቀነበት።

«እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ። እዚሁ ነው የተሠራው?»

«እዚሁ ነው» አለ አባባ።

«ምንም አያሳይም» አለች ታደለች። «አለ የተባለልን እሱ ነው። የለንም፣ የለም ብላችሁ ጻፉልን።»

«ገባኝ እህቴ። ግን ዕቃው ተከፋፍሎ አልቋል። ሌላ መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም።»

በመስከረም ምዝገባ ሲጀመር ታደለች ናቹራል ትታ ሶሻል ተመዘገበች፤ ዛሬ ቢጠና ከተማ ውስጥ መዝገብ ቤት ትሠራለች፣ ስለዚያ ዓመትም አታወራም። ያኔ የጎደለን ዕቃ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን እንዳለን ተደርጎ መጻፋችን ይበልጥ ያስፈራኛል።

ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ግን ወጣቱ ነገሩን አልጨረሰም ነበር። ማይክሮስኮፑን አገላብጦ ካየው በኋላ፣ «ይልቅ ጋሼ፣ እኛ ጋ ምንም ያልደረሳቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች አሉ» አለ። «እንዲህ ዓይነቱን ብናዝዝዎ ይሠሩልናል?»

አባባ ወደ ታደለች አላየም።

«ስንት?» አለ።

የእጁን ሥራ እንዲህ ብሎ የሚያዝዘው ሰው ከጠፋ ዓመት አልፎት እንደነበር ዛሬ አስባለሁ፤ ያኔ የሰማሁት ግን ድምፁ ውስጥ የገባውን ደስታ ብቻ ነበር። ታደለች ተነሳች። ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ ወጣች፣ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።