እትዬ የጠየቁኝ አርብ

«አፍሽ ነው የዳነው» አሉኝ እትዬ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። «ልብሽ ገና ነው።»

ሶፋው ላይ ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀርተናል። እኔ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ነበር። ብርጭቆዎቹን ይዤ ኩሽና ገባሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩና ውሃው ሲፈስ ቆሜ አየሁ።

እትዬ የምላቸው አከራዬን ነው። ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ካለው አፓርትመንታቸው አንዱን ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሃይስኩል እንደጨረስኩ ከእናቴ ጋር መስማማት አቅቶኝ ስወጣ «ነይ እኔ ጋ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። የምንሄደውም አንድ ቸርች ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅም አልወለዱም። ያላቸው አዲስ አበባ ያለ፣ አዝለው ያሳደጉት ታናሽ ወንድም ብቻ ነበር። በየጠዋቱ ይደውሉለታል። የሚያወሩት ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ዝናብ ነው፤ ግን ድምፁን ሳይሰሙ ቁርስ አይቀምሱም።

ጥር ላይ፣ በጾም ጸሎቱ ሳምንት፣ መጋቢያችን «ራሳችሁን ፈትሹና አንድ ነገር ወስኑ። አስር ነገር አትወስኑ፣ አታደርጉትም» አለን። እኔ ውሸት ለማቆም ወሰንኩ። ትልቁን አይደለም፣ እሱን ድሮም አልችልበትም። ትንንሹን ነው፤ አልጋ ላይ ተኝቶ «ባስ ላይ ነኝ» ማለትን፣ ሳይጸልዩ «እየጸለይኩልሽ ነው» ማለትን። የምሬን ነበር። ከመተኛቴ በፊት የቀኑን ወሬዬን ወደ ኋላ እየሄድኩ እመረምራለሁ፤ የዋሸሁት ካለ በማግስቱ ደውዬ አስተካክላለሁ። ሰዉ ግን ከእኔ መሸሽ ጀመረ። «ወጡ እንዴት ነው?» ብላ የጠየቀችኝ የቸርች እህት «ጨው በዝቶበታል» ስላት አኮረፈችኝ። የሳቁት እትዬ ብቻ ናቸው። «ከእንግዲህ እውነት ስፈልግ አንቺን ነው የምጠይቀው» አሉ።

የወንድማቸውን ሞት የሰማሁት ረቡዕ ነው፣ ሥራ ቦታ። ከቸርች የሴቶች ኅብረት አስተባባሪዋ ኮል አደረገችኝ።

«ቅዳሜ ማለዳ ተሰብስበን መጥተን እናረዳቸዋለን» አለች። «እስከዚያ ዋይፋዩን አጥፊልን። ከአገር ቤት የሚደውል እንዳያገኛቸው።»

«ለምን ዛሬ አይነገራቸውም?»

«ዛሬ ማን ኦፍ ነው? ሁሉም ሽፍት ላይ ነው። ብቻቸውን ይስሙት?»

«እኔ እኮ አልዋሽም ብያለሁ።»

«ዋሺ ማን አለሽ? ዝም በይ ነው ያልኩሽ። እሱንስ ትችይዋለሽ?»

መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ በማለዳ፣ ብዙ ሆኖ፣ የሚይዝ ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ። እዚህ በሰው አገር ያለን ማለዳ ግን ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ሌላው ቀን የሥራ ነው። ዋይፋዩን አጠፋሁት። እትዬ የዋይፋዩን ማሽን በጨርቅ እየጠረጉ «ይሄም እንደኔ አርጅቷል» አሉ። አፌ ዝም ቢልም እጄ እንደዋሸ ገባኝ። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ራሴን አሞኛል ብዬ ክፍሌ ገባሁ። እውነትም አሞኝ ነበር።

አርብ ጠዋት ኩሽና ውስጥ አጃ ሳማስል እትዬ መጡ። ሹራብ ይዘዋል፤ ወደ አገር ቤት የምትሄድ ሴት ስላለች ለወንድማቸው ሊልኩት ነው። አንገቱ ላይ ያለውን የዋጋ ወረቀት በመቀስ እየቆረጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ «የቸርች ሰው ሰሞኑን ከወትሮው በላይ ሰላም ይለኛል» አሉ። «ወንድሜ ደህና ነው?»

አጃውን ማማሰሌን ቀጠልኩ።

«ሌላው ይዋሸኝ። አንቺ አትዋሺኝም።»

ማማሰያውን እንደያዝኩ ዞርኩ። «ሞቱ» አልኩ።

አረፉ እንኳ አላልኩም። ቁጭ ይበሉም አላልኩም። ቃሉ ሲወጣልኝ ደረቴ ቀለል አለኝ። እትዬ ሹራቡን እንዳቀፉ ወለሉ ላይ ወደቁ።

ደረታቸውን ሲደልቁ፣ ፊታቸውን ሲቧጥጡ ማን ይያዛቸው? እኔ እጄን ዘርግቼ «ጌታ ሆይ አጽናናቸው» እያልኩ መጸለይ ጀመርኩ። «ተይኝ!» አሉኝ። በሩ ተንኳኳ። ፊት ለፊታችን የምትኖረው የባንግላዴሽ ሴት ነበረች፤ እጇ ዱቄት ነው። ምንም አልጠየቀችም። ከኋላቸው ተንበርክካ ሁለት እጃቸውን ያዘች፣ በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር እያለች አብራቸው ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘች። እጅጌያቸው ላይ ዱቄቱ ቀረ። እኔ ማማሰያውን ይዤ ቆሜያለሁ። አጃው አረረ።

የቸርች ሰው አመሻሽ ላይ ከየሥራው እየወጣ መጣ፤ ዩኒፎርሙን ያላወለቀም ነበር። አስተባባሪዋ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ።

«አሁን ደስ አለሽ? ከኃጢአት ነጻ ወጣሽ?»

«ጠየቁኝ እኮ።»

«ቢጠይቁሽስ? መጀመሪያ ለእኔ ብትደውዪ ምን ነበረበት? ሥራዬን ጥዬ እመጣልሽ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ያን ውሳኔዬን ደጋግሜ መርምሬዋለሁ። እትዬ የወንድማቸውን ሞት ማወቅ ነበረባቸው፤ ዛሬም እንደዚያ ነው የማምነው። ግን ጥር ላይ ተንበርክኬ ስወስን ሐሳቤ ውስጥ ከእግዚአብሔርና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ንጹሕ መሆን አማረኝ፤ ለማን እንደምጠቅም አልጠየቅኩም። አርብ ጠዋት የቀለለው የእኔ ደረት ነው፤ ሸክሙን ያራገፍኩት ብቻቸውን ባገኘኋቸው አሮጊት ላይ ነው። ይህን ይዤ ልጸልይ ስንበረከክ ቃል ያጥረኛል።

«ልብሽ ገና ነው» ያሉኝ ቀን፣ ብርጭቆዎቹን አጥቤ ስመለስ፣ እትዬ ከሶፋው አልተነሱም።

«ክፍሉን ልቀቂ አልልሽም» አሉኝ። «ግን ኩሽና ባየሁሽ ቁጥር ያ ጠዋት ይመጣብኛል።»

ፓርክዴል የሚባል ሌላ ሰፈር አንድ ክፍል አገኘሁ። የወጣሁ ቀን እስከ በሩ ሸኙኝ። የወንድማቸውን ሹራብ ለብሰውታል፤ እጅጌው ረዝሞ ጣቶቻቸውን ሸፍኗል።

«አሁን ቢሆንስ?» አሉ። «ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር?»

ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ አሰብኩ።

«እነግርዎት ነበር» አልኩ። «መጀመሪያ ግን የፊት ለፊቷን ሴትዮ እጠራ ነበር።»

እትዬ ወደ ጎረቤታችን በር አዩ።

«ውጭው ብርድ ነው» አሉ። «አንገትሽን ሸፍኚ።»

ሊፍቱ መጣ። ሻንጣዬን አስገብቼ ወረድኩ፣ ሕንጻውን ከባቡር ጣቢያው በሚያገናኘው ድልድይ አድርጌ ወደ ሰብዌይ ሄድኩ።