ትርንጎ የራሷን ልብ ያየች ዕለት

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የልብ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ብዙውንም ረስቼዋለሁ። የትርንጎን ግን መርሳት አልቻልኩም፤ ልርሳውም አልልም።

ትርንጎ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የተወለደችው ከዳባት ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። አሯሯጧን ያዩ ሰዎች ወደ ጎንደር አምጥተው ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ሥልጠና አስገቧት። አክስቷ ቤት ሆና ትማራለች፣ ጠዋት ትሮጣለች። ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ሄዳ አንድ ክለብ ሊፈትናት ቀጠሮ ተይዞላት ነበር።

ወደ እኛ ያመጣት አሰልጣኟ ደሳለኝ ነው። አዘዞ መንገድ ላይ ልምምድ ሲያደርጉ ተዝለፍልፋ ወድቃበት ደንግጧል። «ጾሙ ነው፤ በባዶ ሆዷ እየሮጠች ነው» አለን። እሷም «ደህና ነኝ» እያለች ለመሄድ ትቸኩል ነበር።

ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ። ከዚያ በአልትራሳውንድ አያት። በልጅነቷ እየተመላለሰ የያዛት የጉሮሮ ሕመም ልቧ ውስጥ ደም ከሚያሳልፉት በሮች፣ ሐኪሞች ቫልቭ ከሚሏቸው፣ አንዱን አጥብቦታል።

«በየወሩ መርፌ ትወጊያለሽ። ወደፊት በሩን ማስፋትም ይቻል ይሆናል» አላት ሐኪሙ። «ውድድር ግን ይቅርብሽ። ስትሮጪ ሕይወትሽ ሊያልፍ ይችላል።»

ደሳለኝ እንደ መለመን እያደረገው «ዶክተር፣ ፈተናውን ብቻ ትሩጥ፤ ከዚያ ትረፍ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ከልጆቹ ሁሉ ተስፋውን የጣለው እሷ ላይ ነበር።

ትርንጎ አላለቀሰችም። «አባቴ ይምጣ» ብቻ አለች።

አባቷ አያ ጥጋቡ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሱ። እኔ የገጠር አባት ስለሆኑ «እሰይ፣ በቃ ቤቷ ትመለስ» የሚሉ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ጸጥ ብለው ሰሙና «ሞት አለበት?» ብለው ጠየቁ። «ሊኖርበት ይችላል» አላቸው።

ኮሪደሩ ላይ ለብቻችን ስንሆን «እርስዎ ተይ ቢሏት ትሰማዎታለች» አልኳቸው።

«ትሰማኛለች» አሉ። «ለዚህ ነው የማልላት።»

«ምነው አያ ጥጋቡ?»

«ልጄ፣ ይች ልጅ ከተወለደች ጀምሮ የለመነችኝ ይኸን አንድ ነገር ነው። እኔ ከከለከልኋት ዕድሜዋን ሙሉ አባቴ ቀማኝ ስትል ትኖራለች። ሩጪም አልላት፤ እንዴት አድርጌ ልቅበራት? እሷው ትቁረጥ። አንች ግን የተማርሽ ነሽ። ያለውን ነገር በሸጋ አስረጃት፤ ሳታውቀው አትወስን።»

ገብቼ ከትርንጎ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ተይው፣ ነፍስሽ ትበልጣለች» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የአባቷ ነገር ያዘኝ። ምን ማወቅ እንደምትፈልግ ብቻ ጠየቅኳት።

«ሲስተር፣ ልቤን ማየት ይቻላል?» አለች።

ሐኪሙን ለመንኩት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ ቢሆንም እሺ አለኝ። የማሽኑን ማያ ወደ እሷ አዙሮ የልቧ በር ስትከፈትና ስትዘጋ አሳያት። ልዩነቱ እንዲገባት ደግሞ እኔ ተጋደምኩና የእኔን አሳያት። የእኔ ወለል ብላ ትከፈታለች። የእሷ ገርበብ ብላ ትመለሳለች። ማንም ሳይነግራት ለየችው።

«ስሮጥ ይች ምን ትሆናለች?»

«ብዙ ደም ይመጣባታል፤ ማሳለፍ ያቅታታል» አላት ሐኪሙ።

«ፈተናውን ብቻ ሮጬ ብተውስ?»

«ምንም ላትሆኚ ትችያለሽ። ልትሞችም ትችያለሽ። የትኛው እንደሚሆን እኔም አላውቅም።»

ትርንጎ ማያው ላይ እንዳፈጠጠች «እኔስ ስንፍና ነበር የመሰለኝ» አለች። «ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ራሴን እሰድብ ነበር።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። አባቷ በሩን ተደግፈው ቆመዋል። ሲወጣላት ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ «ይቅርብኝ» አለች።

አያ ጥጋቡ ወደ ግቢው ወጡ። ተከትያቸው ስወጣ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ያለቅሳሉ።

«ልጅዎ እኮ ተረፈች» አልኳቸው።

«ተመስገን፣ ተርፋለች» አሉኝ። «ስትሮጥ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳላያት።»

ለጓደኞቿ ራሷ ልትነግራቸው ፈለገች። በነጋታው ልምምድ የሚሠሩበት ሜዳ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ልጆቹ ከበዋት ማልቀስ ሲጀምሩ «ምነው፣ ሞቼ ነው እንዴ የምታለቅሱ?» አለቻቸው። ደሳለኝ ራቅ ብሎ ፊቱን አዙሮ ቆሞ ነበር። በኋላ መጥቶ ግንባሯን ሳማት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ልጅ ሲቀበል ልቧ ሳይታይ አያሮጣትም።

ትርንጎ ዛሬ ኮሌጅ ትማራለች። የልቧን በር የሚያሰፋላትን ሕክምና ለማግኘት ወረፋ እየጠበቀች ነው። መርፌዋን የምወጋት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ስትመጣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው «ይቆጭሻል?» አልኳት።

«አዎ» አለች። «ጠዋት ጠዋት።»

ያን ቀን እኔ ወይም አባቷ ቆርጠንላት ቢሆን ኖሮ ይህን ቁጭት በእኛ ላይ ትጥለው ነበር ብዬ አስባለሁ። አሁን የራሷ ነው፤ ተሸክማ ይዛዋለች። እኔ መርፌውን ስጨርስ ትንሽ አብሬያት እቀመጣለሁ። ከዚህ ሌላ የማደርግላት የለም።