የጋሼ ዓይን እግር ላይ ነበር

አጎቴ ጋሼ ሳክስፎን ሲነፉ የሰው ፊት አያዩም ነበር። የሚያዩት እግር ነው! የአንዱ ጫማ ወለሉን መምታት ሲጀምር፣ አጠገባቸው ቆሜ የምዘፍነውን እኔን በክርናቸው ጎሸም ያደርጉና ትንፋሽ ሲያገኙ «እግሩን እዪልኝ!» ይሉኛል።

ዘመኑ ደርግ ነው። በሰዓት እላፊው ምክንያት ውቤ በረሃ ባለ አንድ ቡና ቤት የምንጫወተው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቤቱ ግን ጢም ብሎ ይሞላል። አንድ እሁድ ትዝታ ስዘፍን የቀበሌው ሊቀመንበር ገባና እጁን አንስቶ አስቆመን።

«ይኼ የለቅሶ ዘፈን ነው! አብዮቱ ለቅሶ አይፈልግም። ቤቱ ይታሸጋል!»

ጋሼ ፈገግ ብለው ወንበር ሳቡለት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንዴ ቁጭ ይበሉልኝ። ካለቀሱ ያሽጉት» አሉት።

ከዚያ ያንኑ ትዝታ፣ ያንኑ ዜማ፣ በፈጣኑ የችክችካ ምት አስነሱት! ድራሙ ተከተለ፣ እኔም እየሳቅኩ ተከተልኩ፣ ቤቱ በእስክስታ ቀለጠ! ወዲያው ያ ክርን ጎኔ ላይ አረፈ።

«እግሩን እዪልኝ!»

የሊቀመንበሩ ቦት ጫማ ወለሉን ይደልቃል! ግንባሩን እንደቋጠረ ነው፣ እግሩ ግን የኛ ሆኗል። ቤቱም ሳይታሸግ ዋለ።

ትናንት የጋሼን አርባ አውጥተን ከሥላሴ ስንመለስ፣ ከዚያ ዘመን የተረፈውን ካሴታቸውን ከፈትኩት። ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር። ትዝታው ገና ሲጀምር ግን እግሬ ሳላዘው ወለሉን መታ። እንደ ድሮዬ ጎኔን ሰብሰብ አድርጌ ጠበቅኩ። የሚጎሽመኝ ክርን የለም።