ከፍልስፍና ክፍል የመጣ መርዶ

ኮሌጅ የምትገባው የእህቴ ልጅ በቀደም፣ «የፍልስፍና ትምህርት ላይ ምን ይጠብቀኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ እንዳትጠብቂ አልኳት። ቅር አላት። ቅር ይበላት፤ እኔን ከቅር መሰኘት የከፋ ነገር ነው ያገኘኝ።

በደርግ ጊዜ ደሴ መምህርነት ስማር የፍልስፍና መግቢያ ግዴታ ነበር። ትምህርቱ ዲያሌክቲካዊ ቁስ አካልነት ይባላል። ክፍላችን መስኮቱ የተሰበረ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚገባበት ነው። መምህራችን ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ቀጭን ወጣት ሲሆን፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ያስተምር ነበር። የመጀመሪያ ቀን፣ «ፍልስፍና ማለት መጠየቅ ነው» አለን። እኔ ሞኟ አመንኩት። ብዙም ሳይቆይ ግን ጥያቄውንም የሚያድለው የክፍል አለቃው እንደሆነ ገባኝ። ክፍሉ የነቃ እንዲመስል ማን ምን እንደሚጠይቅ ቀድሞ ይነግረናል። የእኔ ድርሻ ብዙ ጊዜ፣ «ጓድ መምህር፣ ቁስ አካል ከኅሊና ለመቅደሙ ምሳሌ ቢሰጡን?» የምትለው ነበረች።

ቤታችን ደጋን አጠገብ ያለ ገጠር ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድሜን ቀበሌው በኮታ ለውትድርና ወስዶት ወደ ሰሜን ዘምቷል። መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ከዚያ ጠፋ። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። የሰፈራችን ሸህ፣ «እርግጠኛ ወሬ ሳይመጣ ሰደቃ አይወጣም፣ ለቅሶም አይቀመጡም» ብለዋል። እናቴ እንባዋ ደርቆ፣ እህልም ከጉሮሮዋ አልወርድ ብሎ ትኖር ነበር።

አባቴ ፍልስፍና እንደምማር ስነግረው ደስ አለው። ለእሱ ፈላስፋ ማለት የተሰወረ ነገር የሌለበት አዋቂ ነው። ኮምቦልቻ ድረስ ሸኝቶ አውቶቡስ ሲያሳፍረኝ እንዲህ አለኝ።

«ልጄ፣ አዋቂ ዘንድ ከዋልሽ ይህን ጠይቂልኝ። በሕይወት ላለ ሰው ሞተ ብሎ ማልቀስና ለሞተ ሰው አለ ብሎ መሳቅ፣ አላህ ዘንድ የቱ ይከፋል?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ። ከዚህ የበለጠ ጥያቄ አልገጠመኝም።

ጠየቅኩለት። ተራዬ ሲደርስ የታደለኝን ትቼ ቆምኩና፣ «አላህ ዘንድ» የምትለዋን ብቻ አስቀርቼ፣ ወንድሜ ከዘመተ ወሬው እንደጠፋም ጨምሬ ተናገርኩ። መምህሩ አየት አደረገኝና ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ መጥረግ ጀመረ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ቢሆንም ጠረገ፣ ጠረገ። በመጨረሻ፣ «ይህ ከግል ስሜት የመነጨ ጥያቄ ነው» ብሎ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። በውይይት ክበብ ላይም አስነስተው ግለ ሂስ አስደረጉኝ። የቤቴን ሐዘን ወደ ክፍል ማምጣቴ የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ መሆኑን በገዛ አፌ ተናገርኩ፤ አጨበጨቡልኝ። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ለእረፍት ስመለስ አባቴ ኮምቦልቻ አውቶቡስ ተራ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ፣

«ምን አለሽ?» አለኝ።

«ምንም አላለኝም፣ አባ። ዝም ብሎ ሰሌዳውን ሲጠርግ ቆየ።»

«ፊቱን አዞረ?»

«አዎ።»

አባቴ ዱላውን ተደግፎ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሞት ሲሰማ የሚባለውን፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ።

በእኛ ዘንድ መርዶ ነጋሪ ቶሎ አይናገርም። ማልዶ ይመጣል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ዝም ይላል። ባለ ሐዘኑ ነገሩን ከዝምታው ያውቃል።

«አባ፣ ሰውየው ወንድሜን አያውቀውም። ትምህርት ነው የጠየቅኩት።»

«አንቺ ልጅ ነሽ። የመንግሥት ሰው ነው፣ ያውቃል። በአፉ ማርዳት ከብዶት ነው።»

ደጋን እስክንደርስ ወላሂ እያልኩ ማልኩለት። በማልኩ ቁጥር ላጽናናው የምዋሽ መሰለው። ቤት ስንደርስ ለሸሁም እንደዚሁ ብናገር፣ «አብሽሪ፣ ልጄ» ብለው ዝም አሰኙኝ።

ለቅሶ ተቀመጥን። ዘመድ ከየአቅጣጫው መጣ፣ ሰደቃው ወጣ። እናቴ የታፈነውን ሁሉ አልቅሳ አወጣችው፤ ከዚያም ሰዎች ሲያጎርሷት በላች፣ እንቅልፍም ወሰዳት። እሷን እያየሁ ደስ ልበል ልዘን ግራ ገባኝ። ደሴ ተመልሼ ፈተናው ላይ የእውነት መመዘኛው ተግባር ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ጥሩ ውጤት አገኘሁ።

ወንድሜ አልመጣም። አባትና እናቴ አልቅሰው ወጥቶላቸው ነበርና፣ እስኪያርፉ ድረስ በር ሲንኳኳ ቀና አይሉም ነበር። መርዶው ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ነኝ። በር ሲንኳኳ ዛሬም ደንግጬ የምነሳው እኔ ነኝ።