ዓይኔ ደረቀ?

ጎረቤቴ ተልባ ስትቆላ ሽታው በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ወጥቶ እኔ በር ላይ ይደርሳል። ቦሌ አራብሳ ከገባሁ ጀምሮ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጬ እቆማለሁ። ሌላው ሰው ጾም ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ የምትለኝ እናቴ ናት፣ ሳሊተ ምሕረት በነበረው ቤታችን፣ መስኮቱ ሥር፣ ነጠላዋን ተከናንባ።

የሥዕል ተማሪ ነበርኩ። አስተማሪያችን የድሮ የአውሮፓ ሠዓሊዎችን ሥራ ግድግዳ ላይ እያበራ አሳየን። ጀርባው ጨለማ፣ ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ፣ ፊቱ ግማሹ በርቶ ግማሹን ጥላ የዋጠው። አበድኩ። እናቴን እንደዚያ አድርጌ በዘይት ቀለም ካልሣልኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ጠዋት ከኪዳን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ መስኮቱ ሥር አስቀምጣታለሁ። የቤት ሥራዋ ተቆልሎ እየጠበቃት ለእኔ ብላ ትቀመጣለች። ቀለሙ በተልባ ዘይት እንደሚለወስ ስነግራት ሣቀች።

«ለሆድ ቁርጠት የምንጠጣውን ነው ፊቴ ላይ የምትቀቢው?»

በስሱ ቀብቼ፣ እስኪደርቅ ጠብቄ፣ በላዩ ደግሞ እቀባለሁ። የነጠላዋን ጥለት ክር በክር ሠራሁት፤ የአንገቷን ንቅሳት፣ ግንባሯ ላይ ያለችውን መስቀል ሳይቀር። እስኪያልቅ ግን እንዳታየው ከልክያት ነበር።

ያሳየኋት ቀን ቀረብ ብላ አየችው፣ ራቅ ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

አልገባኝም።

«ሌላው ዓይኔስ?»

«ጥላው ውስጥ ነው እማዬ።»

«በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው? ይሁዳ ነው። ሰይጣን ነው።»

እውነቷን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ጎናቸውን የሚሰጡን ክፉዎቹ ናቸው። ልጅ ሳለሁ በጣቷ እያሳየች ያስተማረችኝ ራሷ ናት። እኔ ግን የተማርኩ መስሎኝ፣ የድሮዎቹ ታላላቅ ሠዓሊዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት ብዬ ሙግት ገጠምኳት።

«የእኛዎቹስ የዛሬ ናቸው እንዴ?» አለችኝ።

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ሁሉ ጠዋት ስሣላት ፍቅሬን የማሳያት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ልጇ እንደ ክፉ ሰው እንዳየቻት ነው የገባት።

ብሩሼን መልሼ አነሣሁና ጥላው ውስጥ ሁለተኛ ዓይን ሠራሁላት፣ ቀርቦ ላየው ብቻ የሚታይ። ጥቁሩ ቀለም ደግሞ ለመድረቅ ሰነፍ ነው። በየጠዋቱ ገና በሩ ላይ ሆና «ዓይኔ ደረቀ?» ትለኛለች። «ያንቺ ዓይንማ ድሮም ደረቅ ነው!» እላታለሁ። እንሣሣቃለን።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ዓይኑ ላይ የጣት አሻራ አገኘሁ። እናቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ቆማለች።

«እማዬ?»

«ደርቆ እንደሆነ ልየው ብዬ እኮ ነው...»

በማግስቱ ላስተካክለው ብሩሽ አንሥቼ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። እንዳለ ሳሎን ሰቀልነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ክንዱን ይዛ ሥዕሉ አጠገብ ታደርሰውና «ጠጋ በል፣ ሁለቱም አሉ» ትላለች።

እማዬ ካረፈች ወዲህ ሥዕሉ እኔ ዘንድ ነው። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትገባ ጥላው ውስጥ ያለው ዓይን ላይ የጣቷ መስመሮች አንድ በአንድ ይታያሉ። ዛሬም ተልባው ሲሸተኝ ሄድኩና ጣቴን እዚያው ላይ አሳረፍኩ።

«ያንቺስ ደርቋል እማዬ» አልኳት። «የእኔ ነው ያልደረቀው።»