ቀበሮውን የቀጣሁት እኔ ነኝ

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ ሳንታል የሚባሉ የሕንድ ሕዝቦች ተረቶች ያሉበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በስደት ከምንኖርበት ከኦሮራ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ተውሳ መጣች። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከመዝገበ ቃላት ጋር ብቻዬን ታግዬ ነው የተማርኩት። ስለዚህ እያነበብኩ በአማርኛ ስነግራት ኩራት ይሰማኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጎረቤት ከተማ እንግልውድ ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ እንደተመለስኩ፣ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ እንቀመጣለን። የወገቤ ሕመም ከሥራ አብሮኝ ነው የሚመጣው።

ተረቶቹ አናደዱኝ። በአንዱ፣ ነብር አጋዘን ጥሎ ሊበላ ሲል ቀበሮ ይመጣል። «ጌታዬ፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከዚህ የሰባ አለ፤ እስኪወጣ ይጠብቁ» ይለዋል። ነብሩ ባዶ ጉድጓድ ሲጠብቅ ቀበሮው አጋዘኑን በልቶ፣ ጠግቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በቃ፣ አለቀ።

አታላይ እንዲህ በሰላም ሲገባ ልጄ እንድትሰማ አልፈለግሁም። ከራሴ ጨመርኩበት፤ ነብሩ ደረሰበት፣ ቀበሮው አልቅሶ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ በየተረቱ ቀበሮውን ቀጣሁት። መጽሐፉ ያላለውን ብሏል ብዬ ስናገር ግን አንድም ቀን አልከበደኝም።

ሎውሪ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤቷ ያነበባችሁትን ተናገሩ ሲባሉ፣ ልጄ የእኔን ተረት ተናገረች። መምህሯ መጽሐፉን ገልጣ መጨረሻውን አሳየቻት።

ያን ቀን ልወስዳት ስሄድ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ሳታስር፣ «አባዬ፣ ይቅርታው የለም» አለችኝ። «ሜክ አፕ አደረግከው? ከራስህ ፈጠርከው?»

«እንድትማሪበት ብዬ ነው።»

«እኔ ሆምወርክ ጨርሻለሁ ብዬ ስዋሽ፣ ሄደሽ ለቲቸርሽ ንገሪ አልከኝ። ክራይ እያደረግኩ ነገርኳት። አንተ በር ላይ ቆመህ ነበር።»

እውነቷን ነው፤ ቆሜ ነበር። ስታለቅስም አልራራሁላትም።

በማግስቱ ሄጄ ለመምህሯ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷ የነገርኳትን ነው የተናገረችው አልኳት። መምህሯ ፈገግ ብላ፣ ምንም አይደለም አለችኝ። ዞር ስል ልጄ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ቅዳሜ እንደገና ተቀመጥን። ቀበሮው በላ፣ ጠገበ፣ ሄደ። ምላሴ አላርፍ አለኝ፤ እንደምንም ያዝኩት።

«ከዚያስ?» አለች።

«ሌላ የለም።»

«ይቅርታ አላለም?»

«አልተጻፈም።»

ራሷን ነቀነቀች። ቀጣዩን ገጽ ስገልጥ ግን ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ከአፌ ጋር እያስተያየች ተከተለችኝ። ጣትሽን አንሺው ልላት ፈልጌ ነበር። ደክሞኝ ነው ብል እዋሻለሁ፤ አንሺው የምልበት አፍ ስላልነበረኝ ነው የተውኩት።